ለኀዘንተኛ ውሻ የሚሆን

መከታ እህል አልቀምስም ካለ ሰነበተ። ሶልያና ከተቀበረች ወዲህ ሳህኑን ያሸታል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ውኃውን ትንሽ ልሶ ከበሩ ሥር ሄዶ ይጋደማል። ያ እንደ ሙክት የተድቦለቦለ ውሻ አሁን የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠራል። ሰኞ ጠዋት አቶ ኪሩቤል ጋቢያቸውን ደርበው፣ የመከታን ማሰሪያ በእጃቸው ጠምጥመው፣ ከፎቃቸው ወረዱና ወደ እንስሳት ማዕድ ቤት አመሩ።

የደብረ ብርሃን ብርድ በየትኛውም ዘመን ብርድ ነው። ሜዳውን ሁሉ ፎቅ ተከሉበት፣ አልለዘበም፤ እንዲያውም ነፋሱ በሕንፃዎቹ መካከል ተጣብቦ ሲያልፍ ክፋት ጨመረ። መንገድ ላይ ግን የሚሸት ነገር የለም። ምድጃ ከየቤቱ ወጥቶ ምግብ በግድግዳ መስኮት መምጣት ከጀመረ አንድ ትውልድ አልፏል። የሽንኩርት ሽታ የለ፣ የሚቃጠል ወጥ የለ፣ ደጅ የሚደፋ ትራፊ የለ። የከተማው ውሾች አፍንጫቸውን መሬት ለመሬት እየጎተቱ መሄድ ከተዉ ቆይተዋል። ምን ሊያገኙ?

በማዕድ ቤቱ መስኮት ውስጥ የምትሠራው ልጅ ዘነበች ትባላለች፤ ገና በሃያዎቹ ውስጥ ናት። የዚህ ዘመን ነገር እንዲህ ነው፤ ሽማግሌዎቹ እነ ኪሩቤልና እነ ኤልዳና፣ ወጣቶቹ እነ ዘነበችና እነ ወርቅነህ። ስምም እንደ ቀሚስ ዞሮ ይመጣል።

«እንደምን አደሩ አባባ! ውሻዎ ምነው እንዲህ ከሳ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? እሱን ጠይቂው እንጂ።»

«እሱንማ እጠይቀዋለሁ። አፉን ወደዚህች ወንፊት ያስጠጉልኝ።»

መከታ ትንፋሽ በምትመረምረው ወንፊት ላይ ተነፈሰ። ዘነበች ከፊቷ የበራውን እያየች፣ «ጥርሱ ደህና ነው፣ ኩላሊቱ ደህና ነው፣ ልቡም ደህና ነው። ሆዱ ግን ባዶ ነው» አለች። «በቅርብ ከቤት የተለየ ሰው አለ እንዴ?»

«ባለቤቴ።»

«ውይ! ነፍስ ይማር። እግዜር ያጥናዎት አባባ።»

ግድግዳው በሙሉ በምግብ ዓይነት ተሞላ። ለጎረምሳ ውሻ የሚሆን፣ ለጡረተኛ ውሻ የሚሆን፣ ለፈሪ ውሻ፣ ነጎድጓድ ለሚያስደነግጠው ውሻ፣ ጌታው ለሚያመሽበት ውሻ። አቶ ኪሩቤል በልጅነታቸው ቤት የነበረውን ውሻ አስታወሱ። ትራፊ ከተገኘ ትራፊ ይበላል፣ ካልተገኘ ተጠቅልሎ ይተኛል፤ በሁዳዴ ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ ከሰፈሩ ጋር አብሮ ይጾማል። ምን ይስማማሃል ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። አቤት፣ ያም ኑሮ ነበር እንግዲህ!

«ለኀዘንተኛ ውሻ የሚሆን አለ?» አሉ።

«አለ እንጂ! ሰሞኑን ነው የወጣ። የበግ ጉበት አለው፣ የአጥንት ዱቄት አለው፣ ልብ የሚያረጋጋ ቅጠልም ተጨምሮበታል።»

«ለኀዘንተኛ ሰውስ?»

ዘነበች የምትስቅበት ወይም የማትስቅበት መሆኑን ለማወቅ ፊታቸውን አየች። «ለሰው ገና አልወጣም አባባ» አለች በመጨረሻ፣ ረጋ ብላ።

ከረጢቱን ስትሰጣቸው እጇን ከላዩ ላይ አላነሳችም። «ደንቡን መቼም ያውቁታል። የውሻዎ ሳህን እንደሞላ እየተመለሰ ነው። እስከ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ድረስ ካልበላ ማሳረፊያ ይወሰዳል። የማያውቁት ሰው ከሚመጣብዎት ብዬ እኔው ራሴ ነኝ የምመጣው።»

ማሳረፊያ የእንስሳት ነው። ለሰው ደግሞ ማገገሚያ አለ፤ ምግቡን የሚመልስ ሰው እዚያ ይወሰዳል። ስማቸው ይለያይ እንጂ ከሁለቱም የገባ አይወጣም፤ ይህን ሕፃን ልጅ ሁሉ ያውቃል። አቶ ኪሩቤል «እሺ ልጄ» ብለው ከረጢቱን በብብታቸው ይዘው ተመለሱ። በዚህ ዓለም ላይ ሶልያናን የሚያውቅ፣ ከእሳቸው ጋር አንድ ጣራ ሥር የሚያድር ፍጡር መከታ ብቻ ነው። እሱን ከወሰዱባቸው ቤት ማለት ግድግዳ ብቻ ነው።

ማታውን ለኀዘንተኛው የሚሆነውን ምግብ በሳህን ሰጡት። አሸተተ፤ አቶ ኪሩቤልን ቀና ብሎ አየ፤ ይቅርታ የሚጠይቅ እንግዳ መስሎ ወደ በሩ ተመለሰ።

አቶ ኪሩቤል ዕድሜያቸውን የፈጁት በሚዛን ነው። በጎልማሳነታቸው ከገበያ ገበያ እየዞሩ የነጋዴውን ሚዛን ሲፈትሹ ኖሩ፤ ለከተማው ሁሉ የሚያበስለው ማዕድ ቤት ሲቋቋም ደግሞ በየቤቱ መስኮት ሥር የተቀበረውን የሳህን ሚዛን የሚያስተካክሉ ሠራተኛ ሆኑ፣ በዚያው ጡረታ ወጡ። «ሰው ይዋሻል፤ ሚዛን አይዋሽም» ማለት ይወዱ ነበር። ሶልያና ይህን በሰማች ቁጥር «ታዲያ ሚዛንህን አታገባም ነበር!» እያለች ትስቅባቸው ነበር።

ለእያንዳንዱ ሰው የሚመጣው ሳህን ልክ ይባላል። የአቶ ኪሩቤል ልክ ለስኳራቸው ነው፣ የሶልያና ልክ ለአጥንቷና ለጨጓራዋ ነበር። ሰዓቱም የተለያየ ነው። እሳቸው በስድስት ሰዓት ይበላሉ፤ ከዚያ በኮሪደሩ እየተመላለሱ በእግራቸው እንዲሄዱ ታዘዋል፤ እሳቸው ሲመላለሱ የሶልያና ሳህን ይመጣል። ባልና ሚስት አብረው የሚበሉት በፋሲካ ብቻ ነው፤ ያን ቀን ሳህኖቹ እኩል ይመጣሉ። መጎራረስ በሕግ አልተከለከለም፤ ግን ቀረ። የሰው ልክ መጉረስ የሰው መድኃኒት እንደመዋጥ ተቆጠረና ነውር ሆነ። ለቅሶ የሚመጣ ሰው እንኳ የራሱን ሳህን ታቅፎ ነው የሚመጣ።

ተበልቶ ያለቀ ሳህን ወደ መስኮቱ ሲመለስ ይመዘናል፤ ከዚያ አንዲት የደከመች ግን ደግ የምትመስል የሴት ድምፅ ትናገራለች። ሰዉ ስም አውጥቶላታል፤ እሜቴ ይላታል። ሶልያና በሕይወት ሳለች አቶ ኪሩቤል ከእግር ጉዟቸው ሲመለሱ በር ላይ የሚቀበላቸው የእሜቴ ድምፅ ነበር። «ወይዘሮ ሶልያና፣ ዛሬ ሳህንዎን አሟጠዋል። እሰየው! ይስማማዎት።» ሶልያና «አሜን» ትላለች፤ መከታ ጅራቱን ይቆላል። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ጋቢያቸውን ይሰቅላሉ።

እርግጥ ሶልያና ከስታ ነበር። ቀለበቷ እየወለቀ ቢያስቸግራት ክር ጠመጠመችበት። «ምነው ሶሊ፣ እጅሽ ቀጠነ?» ሲሏት «እርጅና ነው፤ አንተስ መች ወፈርክ?» ትላለች። አቶ ኪሩቤልም ነገሩን ይተዉታል። ሳህኗ በየቀኑ ባዶ ነው፤ ሚዛኑ ደግሞ በገዛ እጃቸው ያስተካከሉት ሚዛን ነው።

ያን ሰሞን ጭንቀታቸው ሌላ ነበር። መከታ ያለ ልክ ወፈረ። የማቅጠኛ ምግብ አመጡለት፤ ጭራሽ ባሰበት። «ይህ ውሻ አየር ነው እንዴ የሚያወፍረው?» ብለው አንድ ቀን ጮኹ። ሶልያና ሳቀች፤ ስትስቅ ሳል ያዛት፤ ስትስል ግድግዳውን ተደገፈች። «ተወው፤ ቤቱ ተስማምቶት ነው» አለች። ቀድሞ «ውሻና ደጅ» እያለች ከአጠገቧ ታባርረው የነበረችው ሴት፣ ያን ክረምት ከወንበሯ ሥር እንዲተኛ ፈቀደችለት። ታረቁ ብለው አቶ ኪሩቤል ደስ አላቸው።

በመስከረም አንድ ቀን ጠዋት አልነቃችም። «ልቧ ነው» አሉ የመጡት ሐኪሞች፤ ሳህኗ ባዶ ስለነበረ ሌላ ነገር አልመረመሩም። አቶ ኪሩቤልም ለለቀስተኛው ሁሉ «እስከ መጨረሻው ቀን አንድም ቀን ምግቧን አልመለሰችም፤ ሳህኗ ይመሰክራል» እያሉ ተናገሩ። ያ ነበር የተጽናኑበት።

ረቡዕ ዕለት ጎረቤታቸው ኤልዳና ሳህኗን ታቅፋ መጣች። ባሏ ናሆም ማገገሚያ ከተወሰደ በኋላ ብቻዋን የምትኖር፣ አፏ የማይዘጋ አሮጊት ናት። ናሆም እዚያ ሲሞት ማንም አጠገቡ አልነበረም፤ ለኤልዳና የነገሯት በማግስቱ ነው። ያን ጊዜ ሶልያና ስታለቅስ ሰንብታ «ኪሩ፣ እኔን እዚያ እንዳትሰጠኝ» ብላ ነበር። እሳቸውም «አሟጠሽ ብዪ እንጂ ማን ይወስድሻል?» አሏት።

ኤልዳና ቁጭ አለችና መከታን አየችው። «እህ፣ አንተ! ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል ሰምቻለሁ፤ አልበላም ብሎ ዝም የሚል ውሻ ግን አንተን አየሁ።»

«ከነገ ወዲያ ይወስዱታል» አሉ አቶ ኪሩቤል። «የጉበቱን ሞከርኩ፣ የዓሣውን ሞከርኩ፣ ለኀዘንተኛ የሚሆነውን ሞከርኩ። ምን ይሻለኛል ኤልዳ?»

«ወደ ሽንት ቤት ድፋውና ባዶውን ሳህን መልስ እንዳልልህ...»

«ሽንት ቤቱም ይመዝናል። የቆሻሻ መውረጃውም ይመዝናል። ማንን ነው የምታስተምሪ? የተከልነው እኛ አይደለን?»

«የእጃችሁን ይስጣችሁ!» አለች ኤልዳና። ከልቧ ነበር፤ ወዲያው ግን ድምፅዋን ቀነሰች። «የሶሊ ሳህን አሁንም ይመጣል?»

ይመጣል። ሥርዓቱን ያወጡት ሰዎች ያው የእኛው ሰዎች ስለሆኑ፣ የሟችን ሳህን ከአርባው ቀን በፊት መዝጋት አልደፈሩም። ሰው ሞቶ እስከ ተዝካሩ ልኩ በሰዓቱ ይመጣል፤ ማንም አይበላውም፣ ሳይከፈት ይመለሳል። እሜቴ ለሟች ሳህን ቃል አይወጣትም። አቶ ኪሩቤልም ክዳኑን ሳያነሱ፣ ዓይናቸውን ወደ ሌላ አዙረው ሲመልሱት ከርመዋል።

«ነገ አርባዋ ነው» አሉ። «የመጨረሻው ነገ ነው የሚመጣ።»

«እንግዲያው ነገ ክፈተው።»

«ምን ላደርገው?»

ኤልዳና ሳህኗን አንስታ ተነሣች። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ተወችው። እሷ ነገር ትታ አታውቅም። «ክፈተው ብቻ፤ ተዝካር ያለ ምግብ ይሆናል እንዴ?» ብላ ወጣች።

ሐሙስ ዕለት አቶ ኪሩቤል ለእግር ጉዞ አልወጡም። ኖረው ኖረው በሶልያና ሰዓት ቤት ውስጥ ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነበር። በእሷ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መስኮቱ ተከፈተ፣ ሳህኑ መጣ፣ ክዳኑን አነሡ። ለስላሳ የሽሮ ፍትፍትና የተፈጨ ዱባ ነበር። እንፋሎቱ ፊታቸውን ሲነካቸው ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ለነፍሷ ብለው አንድ ጉርሻ ጠቀለሉ። ወደ አፋቸው አስጠጉት፤ አልጎረሱትም። እጃቸው ወደ ጉልበታቸው ወረደ።

ያን ጊዜ መከታ ከበሩ ሥር ተነሣ። አልሮጠም፣ አልጮኸም። ጥፍሩን ወለሉ ላይ እያንቋቋ መጣ፤ ከወንበሩ ሥር ገባ፤ አገጩን በግራ ጉልበታቸው ላይ አሳረፈና አፉን ከፈተ። እንደለመደ ሰው ነው የከፈተው።

አቶ ኪሩቤል አጎረሱት። በላ።

በላ እኮ! መከታ ግን አልሄደም፤ አገጩን ሳያነሣ አፉን እንደገና ከፈተ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ፤ ሁለተኛውን ሰጡት። ሦስተኛውን ሰጡት። እስኪያልቅ ሰጡት። ሲያልቅ እጃቸውን ይልስ ጀመር፤ አውራ ጣታቸውን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ በጣቶቹ መካከል፣ ከዚያ የጥፍራቸውን ሥር። ወለሉ ላይ የወደቀችውን የዱባ ጠብታ ፈልጎ አነሣ። የሳህኑን ጠርዝ ዙሪያውን አጸዳ። አንድ ምልክት አላስቀረም። ይህን ሁሉ ማንም ውሻ ከእናቱ ሆድ ይዞት አይወጣም። ቀስ ብሎ፣ ቀን በቀን ያስተማረው ሰው አለ።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዶ ከግድግዳው ፊት ተቀመጠ። ቀና አለ። ጅራቱን አዘጋጅቶ ጠበቀ።

አቶ ኪሩቤል ሳህኑን ወደ መስኮቱ መለሱት። ሚዛኑ ነዘረ። እሜቴ ለሟች አትናገርምና ዝም አለች። መከታ ትንሽ ጠበቀ፤ ግድግዳውን አየ፣ ዞሮ አቶ ኪሩቤልን አየ፣ እንደገና ግድግዳውን አየ። ጅራቱ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ምነው ሸዋ!» አሉ አቶ ኪሩቤል፤ ድምፃቸው የራሳቸው አልመሰላቸውም።

ያለፈውን ፋሲካ አስታወሱ። ሳህኖቻቸው እኩል መጥተው፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። ሶልያና ጉርሻ ጠቅልላ እጇን ዘረጋችላቸው። «እንካ ኪሩ፣ ዛሬ እንኳ ጉረስልኝ» አለች። እሳቸው ጨዋታ መሰላቸው። «የራስሽን ልክ ብዪ! ሚዛኔን ልታበላሺብኝ ነው?» ብለው ቀለዱ። እጇ አየር ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ዝቅ አለ፤ ከገበታው ሥር ገባ። የት እንደደረሰ አላዩም። ለማየትም አላጎነበሱም።

መዋጥ አቅቷት ነበር። ከፋሲካ ጀምሮ፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት። መጀመሪያ የለመነችው ባሏን ነው፤ ባሏ እንቢ ሲላት ውሻው እሺ አላት። አልበላም ብትል ማገገሚያ ይወስዷታል፤ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ አልጋዋ መሞት ፈልጋ ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው። ለእሳቸውስ እንዴት ትንገራቸው? ሚዛን አይዋሽም ለሚል ሰው ምን ተብሎ ይነገራል? እሷ በከሳች ቁጥር ውሻው እየወፈረ፣ ሁለቱም በአንድ ወንበር ላይና ሥር ተቀምጠው፣ እሳቸው ለውሻው ውፍረት ተጨንቀው ማቅጠኛ ሲያመላልሱ ከረሙ። አርባ ዓመት ሚዛን የፈተሸ ሰው!

«ሶሊዬ» አሉ። «ሶሊዬ፣ ርቦሽ ነው የሞትሽው? እኔ እዚህ እያለሁ?» ከወንበሯ ሥር ወለሉ ላይ ወርደው መከታን አቅፈው አለቀሱ። መከታ ፊታቸውን ላሰ፤ ያውም እንደጣቶቹ በደንብ፣ ምልክት ሳያስቀር።

ማታ ለኀዘንተኛው የሚሆነውን በእጃቸው አጉርሰው ሞከሩት። አፉን አልከፈተም። የመከታ ሳህን ሙሉውን ሆኖ ተመለሰ።

ዓርብ በስድስት ሰዓት አንድ ሳህን ብቻ መጣ። የሶልያና መስኮት ተዘግቷል፤ ከእንግዲህ አይከፈትም። ዘነበች ከሰዓት በኋላ ትመጣለች። አቶ ኪሩቤል የራሳቸውን ሳህን ይዘው በሶልያና ወንበር ተቀመጡ። የጾም ምስርና ሽሮ ነበር። መከታ አልጠበቀም፤ መጥቶ አገጩን አሳረፈ።

«እንካ ጌታዬ» አሉት። አጎረሱት። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። እሱ ሲውጥ የእሳቸው ሆድ ይጮኻል፤ ሁሉንም ሰጡት። ሲጨርስ ጣቶቻቸውን አጸዳ፣ ሳህኑን አጸዳ፣ ወለሉን ቃኘ።

የቀረው የመከታ ሳህን ነው። ወለሉ ላይ እንደሞላ ተቀምጧል፤ ሽንት ቤቱም ቆሻሻ መውረጃውም ይመዝናሉ፣ ከደጅ የሚበላ ሌላ ውሻ የለ። ከኮሪደሩ ጫፍ የእግር ኮቴ ተሰማ። አቶ ኪሩቤል ጎንበስ ብለው ሳህኑን አነሡትና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ጉበት ይሸታል። ያን ጊዜ ዓርብ መሆኑ ትዝ አላቸው። ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ዓርብን ሽረው አያውቁም፤ ታመው እንኳ አልሻሩም። አማተቡ። «አንተው ፍታኝ» አሉና አንድ እፍኝ አፋቸው ውስጥ ጨመሩ።

ደረቅ ነው፣ ይጎረብጣል፣ ምላስ ላይ ይጣበቃል። በቀሩት ጥርሶቻቸው እየፈጩ በውኃ አወረዱት። ሌላ እፍኝ። ዓይናቸው እያነባ እስኪያልቅ በሉ። መከታ ጆሮውን አቁሞ አያቸው፤ የራሱ ምግብ ሲበላበት ቅር ያለው አይመስልም።

በሩ ተንኳኳ። ዘነበች ወንፊቷን በትከሻዋ አንግታ ገባች። ከኋላዋ የውሻ መውሰጃ ሣጥን በራሱ ጎማ እየተከተላት ነው። ባዶውን ሳህን አይታ ፊቷ በራ።

«በላ እንዴ? ውይ አባባ! ሌሊቱን ሙሉ ሲያስጨንቀኝ አደረ እኮ። አላልኩዎትም? ትክክለኛውን ምግብ ነው የመረጡለት!»

«ትክክለኛውን» አሉ አቶ ኪሩቤል። ሌላ ቃል ቢጨምሩ አፋቸው እንዳያጋልጣቸው ፈሩ።

«አንዴ ይተንፍስልኝና ልሂድ» ብላ ወንፊቱን ለመከታ አስጠጋች። መከታ ተነፈሰ። ዘነበች የበራውን አየች፤ ግንባሯ ተቋጠረ። ምስርና ሽሮ ነበር የሚለው። ቀና ብላ አቶ ኪሩቤልን አየቻቸው። ሽማግሌው ቆመዋል፤ ነጩ ሪዛቸው ላይ የቡኒ ምግብ ፍርፋሪ ተጣብቋል፤ ከትንፋሻቸው የበግ ጉበት ሽታ ይመጣል።

ልጅቱ ወንፊቷን አጠፋችው። የነጠላዋን ጫፍ ያዘችና፣ እንደ አያቷ ቆጥራቸው፣ ሪዛቸውን ቀስ ብላ ጠረገችላቸው።

«ይስማማዎት አባባ» አለች። ሣጥኑን አዙራ ወጣች፤ በሩንም ራሷ ዘጋችላቸው።

አቶ ኪሩቤል የራሳቸውን ሳህን አንሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። መከታ ቀድሟቸው ሄዶ ከግድግዳው ፊት ተቀመጠ፤ ቀና አለ፤ ጠበቀ። ሳህኑን አስገቡ። ሚዛኑ ነዘረ።

«አቶ ኪሩቤል» አለች እሜቴ፣ በዚያው በደከመች ደግ ድምፅዋ፤ «ዛሬ ሳህንዎን አሟጠዋል። እሰየው! ይስማማዎት።»

የመከታ ጅራት ወለሉን ደበደበ። ሶልያና ከተቀበረች ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። አቶ ኪሩቤል እሷ ትለው እንደነበረው «አሜን» አሉ፤ ከዚያ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ድምፃቸውን አውጥተው አለቀሱ። እሜቴ ስለ ለቅሶ የምትለው ነገር አልነበራትምና መስኮቱ ተዘጋ።